የጤና መድኅን ክርክርና ባዶው የመድኃኒት መደርደሪያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በጅማ ከተማ የተደረገ ንግግር)




ለዚህ ጉባኤ ንግግር እንዳዘጋጅ በታዘዝኩ ጊዜ፣ ርእሴ የጤና መድኅን መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ የሐኪሞችና የገንዘብ ዐዋቂዎች ጉዳይ አይደለምን? መሐንዲስን ምን አገባው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው አግባብ ያለው ስለሆነ መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። የመድኅን መዋጮ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ እየተባለ ከዐሥር ዓመት በላይ ሲንከባለል የኖረው ክርክር የእኛንም ደመወዝ የሚመለከት ነው። ከዚህም ሌላ፣ በምንመራቸው የመንገድ፣ የድልድይና የሕንፃ ሥራዎች ላይ የሚውለው የቀን ሠራተኛ ሲታመም ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚከፍልለት በየቀኑ የምናይ እኛ ነን። ስለሆነም ጉዳዩ ያገባናል።

የንግግሬ ፍሬ ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው። በከተማም ሆነ በገጠር የሚሰማው ክርክር በመዋጮው ልክ ላይ ተወስኖ ቀርቷል። መዋጮው ግን የነገሩ አንድ ጫፍ ነው። ሌላው ጫፍ ያ መዋጮ የሚገዛው ነገር፣ ማለትም በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ የሚገኘው መድኃኒት ነው። ሁለቱ ጫፎች ተያይዘው ካልታሰቡ በስተቀር መዋጮውን ከፍ ማድረግም ዝቅ ማድረግም መድኅኑን አያድነውም።

ሀ. የነገሩ አመጣጥ

በአገራችን ለረጅም ዘመን የታመመ ሰው ወይ ከኪሱ ከፍሎ ይታከም ነበር፤ ወይ ከቀበሌው የነጻ ሕክምና ወረቀት አጽፎ ይለምን ነበር። ከድኻ መዝገብ ያልገባ፣ ከባለጸጋም ያልደረሰው ደግሞ በሬውን ይሸጣል፤ ወይም ገና በዛፍ ላይ ያለውን ቡናውን ለነጋዴ በርካሽ ያስይዛል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን ለመለወጥ የታሰበ ነበር። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 690/2002 ታውጆ ለማኅበራዊ ጤና መድኅን የሕግ መሠረት ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ዕቅዱ በሁለት መንገድ ተከፍሏል። ማኅበራዊ ጤና መድኅን የሚባለው ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው ነው፤ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የሚባለው ደግሞ ለገበሬውና በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው ነው።

ማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከእነዚህ መካከል አራቱ በኦሮሚያ የሚገኙት ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ነበሩ። ሊሙ ኮሳ፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ከዚህ ከጅማ በሰሜን በኩል ያለው የቡና ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማውም ሊሙ ገነት ነች። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች ከሩቅ የመጣ ወሬ አይደለም። ሙከራው ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ ደጃችን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል። ለራሱ፣ ለባለቤቱና 18 ዓመት ላልሞላቸው ልጆቹ ካርድ ይሰጠዋል። ሲታመም በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይቀርባል፤ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ይላካል። ፈጽሞ መክፈል ለማይችለው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና በመድኅኑ አይሸፈኑም። በሙከራው ዘመን በኦሮሚያ የነበረው መዋጮ ለአንድ ቤተሰብ በወር 15 ብር ገደማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕቅዱ ሰፍቶ ከ1,000 በሚበልጡ ወረዳዎች ተዘርግቷል። የመድኅኑ አባላት አባል ካልሆኑት ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ቶሎና አዘውትረው እንደሚሄዱም በጥናት ታይቷል። በሽታው ሥር ሳይሰድ ሐኪም ዘንድ መድረስ ራሱ ትልቅ ውጤት ነው። ይህን ውጤት ሳንክድ ነው ወደ ችግሩ የምንገባው።

ለ. መዋጮው ስለ ምን ይጨምራል?

ዛሬ የሚጠየቀው መዋጮ በብዙ ቦታ ከመነሻው የብዙ እጥፍ ሆኗል። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች እውነትነት አላቸው። ካርድ የያዘ ሰው ከቀድሞው አብልጦ ይታከማል፤ ይህም የተፈለገ ነገር ነው። የጤና ተቋማት የአገልግሎት ዋጋ ተሻሽሏል። ከሁሉም በላይ ግን የምንጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በብር የሚሰበሰብ መዋጮ በዶላር የሚገዛ መድኃኒትን ተከትሎ መሮጥ ይኖርበታል፤ ቢሮጥም አይደርስበትም።

እንግዲህ መዋጮው መጨመሩ በራሱ የማንም ክፋት አይደለም። ቅሬታው የሚነሣው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። በአንድ የቡና ከተማ የመንገድ ሥራ ስንቆጣጠር፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ጤንነታቸውን ጠየቅኋቸው። ከኮታቸው ኪስ የመድኅን ካርዳቸውንና ሦስት መድኃኒት የተጻፈበት ማዘዣ አውጥተው አሳዩኝ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ አግኝተዋል፤ ሁለቱን ከግል መድኃኒት ቤት እንዲገዙ ተነግሯቸዋል። «ልጄ፣ ካርዱ አለ፤ መድኃኒቱ የለም። እንግዲህ ካርዱን ልዋጠው?» አሉኝ።

እኒህ አባት ስለ መድኅን ጥቅም ትምህርት አያስፈልጋቸውም። ጥቅሙን ስለሚያውቁ ነው በወቅቱ የከፈሉት። እርሳቸው ያዩት ነገር ለአንድ በሽታ ሁለት ጊዜ መክፈላቸውን ነው፤ አንድ ጊዜ ለቀበሌው፣ አንድ ጊዜ ለነጋዴው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ «ሕዝቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይሰማል። እንደ እኔ እምነት ሕዝቡ በሚገባ ሒሳብ ያውቃል።

ሐ. የማይቆም የቁልቁለት መንገድ

ለመሐንዲስ ነገሩ በቁጥር ሲቀርብ ይቀልለዋልና አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው። 1,000 አባወራዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ቢያዋጡ 1,000,000 ብር ይሰበሰባል። የዓመቱ የሕክምና ወጪም ልክ ይህን ያህል ነው እንበል። በሚቀጥለው ዓመት የመድኃኒትና የአገልግሎት ዋጋ 20 በመቶ ስለ ጨመረ መዋጮው 1,200 ብር እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ጊዜ 200 አባወራዎች ካርዳቸውን ሳያሳድሱ ቀሩ። እነማን ናቸው? በአብዛኛው ጤነኞቹ፣ ዓምና እምብዛም ያልታከሙት ናቸው። የእነርሱ ድርሻ ከወጪው 40,000 ብር ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ዋጋ 48,000 ብር መሆኑ ነው።

ከቀሩት 800 አባወራዎች የሚሰበሰበው 960,000 ብር ነው። ወጪው ግን 1,152,000 ብር ይሆናል። ጉድለቱ 192,000 ብር ነው። ይህን ለመሙላት በሦስተኛው ዓመት መዋጮው 1,440 ብር መሆን አለበት። ያን ጊዜ ከቀሩት መካከል ጤነኛ የሆኑት እንደገና ይወጣሉ። በመጨረሻ የሚቀሩት በሽተኞች ብቻ ይሆናሉ፤ በሽተኞች ብቻ ያዋጡበት ሣጥን ደግሞ መድኅን ሊባል አይችልም።

ዕድራችን ለምን ይህ አይደርስበትም? ሞት ለማንም ስለማይቀር፣ ድንኳኑና ለቀስተኛውም በተፈለጉበት ሰዓት ስለሚገኙ ነው። የዕድር አባል መዋጮው ቢጨምር ያጉረመርም ይሆናል እንጂ አይወጣም። ድንኳኑ በቀብር ዕለት ጠፋ ቢባል ግን በማግሥቱ ዕድሩ ይፈርሳል። የጤና መድኅን ድንኳኑ መድኃኒቱ ነው።

ችግሩን የሚያከፋው መድኃኒት የሚጠፋበትም ምክንያት ከዚሁ ሰንሰለት ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያው አባላቱን ያክምና ሒሳቡን ለመድኅኑ ያቀርባል። ክፍያው ሲዘገይ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል። ገንዘብ ቢኖረውም የሚፈልገውን መድኃኒት ከአቅራቢው ሙሉ በሙሉ ላያገኝ ይችላል። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን አባሉ ይሸሻል፤ አባሉ ሲሸሽ መድኅኑ ይደኸያል፤ መድኅኑ ሲደኸይ ክፍያው ይበልጥ ይዘገያል። ይህን ክብ ከአንድ ቦታ መበጠስ ያስፈልጋል። የሚበጠስበትም ቦታ አባሉ በዓይኑ የሚያየው መደርደሪያ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ ከጤና ጣቢያ የታጣውን መድኃኒት የመድኅኑ አባላት ከከነማ ፋርማሲዎች እንዲያገኙ መደረጉ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ጅምር ነው። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሌሎቹም የቡና ከተሞች ተመሳሳይ የውል መድኃኒት ቤት ማቋቋም ከአቅም በላይ አይመስለኝም።

መ. የቡና ገቢና የመዋጮ ጊዜ

የእኛን አካባቢ ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር አለ። የቡና ገበሬ ገንዘብ የሚያየው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የለቀማና የሽያጭ ወራት ነው። በክረምት፣ ይኸውም ተቅማጥ በሚበረታበት ወራት፣ እጁ ባዶ ነው። የቡና ዛፍም አንዱን ዓመት አብዝቶ ሲያፈራ የሚቀጥለውን ዓመት የማረፍ ባሕርይ አለው። መዋጮው ግን ለሁሉም ዓመት እኩል ነው። በመሆኑም የመዋጮው መሰብሰቢያ ከሽያጩ ወራት ጋር እንዲገጥም ማድረግ፣ ገበሬው በደህናው ዓመት የሁለት ዓመቱን አስቀድሞ እንዲከፍል መፍቀድ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው።

ከዚህም ጋር የእኩልነት ጥያቄ አለ። በ2017 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከዚያ በፊት ያልታየ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ሰፊ የቡና መሬት ያለው ሰውና በኪሎ እየተከፈለው የሚለቅመው ሰው አንድ ዓይነት መዋጮ ቢጠየቁ፣ ለአንዱ የማይታወቅ ወጪ፣ ለሌላው የአንድ ወር ቀለብ ነው። ሩዋንዳ በመጀመሪያ ለሁሉም እኩል መዋጮ ደንግጋ ነበር። በኋላ ግን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቤተሰቦችን በኑሮ ደረጃ ከፍላ መዋጮውን እንደየአቅሙ አደረገች። ጋና ደግሞ የጤና መድኅኗን በአባላት መዋጮ ብቻ አላቆመችም፤ በሸቀጥና በአገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ የመድኅን ቀረጥ ጥላ ከዚያ ትደጉመዋለች። ሁለቱም አገሮች ችግር አልባ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሆኖም የመዋጮን ሸክም እንደ ትከሻው ስፋት ማከፋፈል የሚቻል መሆኑን አሳይተዋል።

ሠ. የ3 በመቶው ክርክር

አሁን ወደ እኛ ወደ ደመወዝተኞቹ ልምጣ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 271/2005 ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ያንኑ ያህል እንዲያዋጡ ወሰነ። ይጀመራል ተብሎ ቀን ሲቆረጥለት፣ ሠራተኛው ሲቃወም፣ ቀኑም ሲተላለፍ ዓመታት ነጎዱ። 20,000 ብር ደመወዝ ላለው ሰው 3 በመቶ ማለት በወር 600 ብር፣ በዓመት 7,200 ብር ነው። የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ በሚታወቅበት ዘመን ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ በሙሉ አከብራለሁ። «የምከፍልበትን አገልግሎት አሳዩኝና ልክፈል» የሚል ሰው ትክክለኛ ነገር ተናግሯል። ይሁን እንጂ ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን «እኔ በመሥሪያ ቤቴ መድኅን እታከማለሁ» በማለት ክርክሩን ከሩቅ ስንመለከት እንገኛለን። ይህ መተማመኛ ምን ያህል ይጸናል? የግል ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የሚገዙት የሕክምና ዋስትና ለእያንዳንዱ ሰው የዓመት ጣሪያ አለው። የሕክምና ዋጋ ሲያድግ ጣሪያው ባለበት ከቆመ፣ ዋስትናው ሳይቀነስ ተቀነሰ ማለት ነው። የአረቦኑ ዋጋም በየውል እድሳቱ ይጨምራል፤ አሠሪውም ጭማሪውን ሲሸሽ ጣሪያውን ዝቅ ያደርጋል። በሙያችን ደግሞ ፕሮጀክት ሲያልቅ ሥራው ያልቃል፤ ሥራው ሲያልቅ ዋስትናውም አብሮ ያልቃል። የስኳርና የደም ግፊት በሽታ ግን ፕሮጀክት ሲያልቅ አያልቁም። ጡረታ ስንወጣ፣ ማለትም ሕክምና በብርቱ በምንፈልግበት ዕድሜ፣ አሠሪ የሚባል ነገር የለንም።

ጉዳዩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ለመረዳት በግንቦት 2017 ዓ.ም. የተነሣውን የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ ማስታወስ ይበቃል። ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጋር ለራሳቸው የሕክምና ሽፋን ይሰጠን ማለታቸው ይታወሳል። ሌላውን የሚያክም ሰው ራሱ የሚታከምበት ዋስትና ከጠየቀ፣ መሐንዲሱ በምን ይተማመናል?

በመሆኑም ማኅበራችን 3 በመቶውን በደፈናው ከመቃወም ወይም በደፈናው ከመቀበል ይልቅ፣ በቅድመ ሁኔታ እንዲቀበለው ሐሳብ አቀርባለሁ። ቅድመ ሁኔታዎቹም ሦስት ናቸው። መዋጮው ከመቆረጡ በፊት በየተቋሙ የሚገኙት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር በየወሩ በግልጽ ይለጠፍ። ለጤና ተቋማት የሚመለሰው ሒሳብ የተወሰነ የጊዜ ገደብ ይኑረው። ከተቋሙ የታጣ መድኃኒት በውል መድኃኒት ቤት በካርዱ የሚገኝ ይሁን። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ 600 ብሩን ከሚከፍሉት አንዱ እሆናለሁ።

ረ. ከሁለቱም ውጭ የቀረው ሰው

ክቡራትና ክቡራን፣

እስካሁን ስለ ገበሬውና ስለ ደመወዝተኛው ተናግሬአለሁ። በመካከላቸው አንድ ሦስተኛ ሰው አለ። እርሱም በለቀማ ወራት ከሌላ አካባቢ መጥቶ ቡና የሚለቅመው፣ ከለቀማው በኋላ በእኛ የመንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ የሚያነሣው ሰው ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን የሚመዘግበው በቋሚ መኖሪያ ቀበሌው ነው፤ እርሱ ግን እዚያ የለም። ማኅበራዊው መድኅን ቢጀመርም ቋሚ ደመወዝተኛ አይደለምና አይነካውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበት የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። በወባ ወይም በታይፎይድ ቢወድቅ ግን ይህ ግዴታ አይመለከተውም። ሕጉ የሚሰጠው የሕመም ፈቃድም ለአጭር ጊዜ ለተቀጠረ የቀን ሠራተኛ ከወረቀት ያለፈ ፋይዳ የለውም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ወባ በምዕራብ ኦሮሚያ እንደገና በተስፋፋ ጊዜ በየሥራው ቦታ በየድንኳኑ ተጠቅልለው የተኙ ሠራተኞችን ያላየ የሥራ ተቆጣጣሪ ያለ አይመስለኝም።

በዚህ በኩል ወረቀትና ስብሰባ ሳንጠብቅ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። የጨረታ ሰነድ የምናዘጋጀው፣ የሥራውን ብዛትና ዋጋ የምንዘረዝረው እኛ ነን። ለሥራ ቦታ ቢሮ፣ ለተቆጣጣሪው መኪና፣ ለስልኩ እንኳ የዋጋ መስመር እናስገባለን። ለሠራተኛው የሕክምና ሽፋንም አንድ መስመር እናስገባ። ለምሳሌ 100 ሠራተኞች ላሉት፣ 100,000,000 ብር ለሚያወጣ ሥራ በነፍስ ወከፍ 1,500 ብር ቢያዝ ድምሩ 150,000 ብር ነው። ይህም ከውሉ ዋጋ 0.15 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ በአንድ ቀን ዝናብ በአንድ የአፈር ክምር ላይ እናጣለን። ገንዘቡ ሠራተኛው ባለበት ወረዳ የመድኅን ካርድ እንዲያገኝ ወይም ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ጋር በውል እንዲታከም ሊውል ይችላል። የመድኅን ካርዱ ከቋሚ መኖሪያ ወረዳ ውጭም እንዲያገለግል ለሚመለከተው ለኢትዮጵያ ጤና መድኅን አገልግሎት በማኅበራችን ስም ጥያቄ ቢቀርብ ደግሞ ሥራው የተሟላ ይሆናል።

ሌላው ሥራችን በራሱ በሽታ የሚያፈራበትን በር መዝጋት ነው። አፈር የቆፈርንባቸውን ጉድጓዶች ሳንደፍን፣ የውኃ መውረጃውን ሳናስተካክል ከሄድን፣ በክረምት ውኃ አቁረው የወባ ትንኝ ይፈለፈልባቸዋል። ከዚያ የሚመነጨው የሕክምና ወጪ ተመልሶ በገበሬው መዋጮ ላይ ይጨመራል። ጉድጓዱን መድፈን በውላችን ውስጥ ያለ ግዴታ ነው፤ የመጨረሻውን ክፍያ ከማጽደቃችን በፊት መፈጸሙን በእግራችን ሄደን እንይ።

በመጨረሻም መደርደሪያው የሚሞላው በገንዘብ ብቻ አይደለም። መድኃኒት የጫነ መኪና በክረምት የሚያልፍበት መንገድ፣ ክትባትና መድኃኒት በቅዝቃዜ የሚቆይበት መብራት፣ ጣሪያው የማያፈስ መጋዘን ያስፈልገዋል። በዚህ ዞን የምንኖር አባላት በዓመት ጥቂት ቀናት ሰጥተን የጤና ጣቢያዎቹን መጋዘን፣ ውኃና የኤሌክትሪክ መስመር ብንመረምር፣ ጉድለቱንም በዋጋ ዘርዝረን ለወረዳዎቹ ብናስረክብ፣ ከሙያችን የሚጠበቀውን አደረግን ማለት ነው።

ስለዚህ ጉባኤው ከመዘጋቱ በፊት ሦስት ነገሮች በድምፅ እንዲወሰኑልኝ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው፣ የሠራተኞች የሕክምና ሽፋን በምናዘጋጃቸው የጨረታ ሰነዶች ውስጥ እንዲገባ፤ ሁለተኛው፣ በ3 በመቶው ጉዳይ የማኅበሩ አቋም ከላይ በተዘረዘሩት ቅድመ ሁኔታዎች እንዲገለጽ፤ ሦስተኛው፣ የጤና ጣቢያዎቹን የሚመረምር የአባላት ቡድን እንዲቋቋምና ሥራውን ከሊሙ ኮሳ እንዲጀምር ነው። መድኅኑ በዚያ ወረዳ ሲጀመር ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም ካርዳቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፤ የምናገኘውን ጉድለት በመጀመሪያ የምንነግራቸው ለእነርሱ ይሁን።